ኮድ ፍርድ አይደለም

በጋራዦቻችን አንድ ልማድ ሥር ሰድዷል። የቼክ ኢንጂን መብራት የበራበት መኪና ሲመጣ ስካነር ይሰካበታል፤ ስካነሩ «ኦክስጅን ሴንሰር» የሚል ነገር ካወጣ ምርመራው እዚያው ያበቃል። ባለመኪናው «ሴንሰሩ ሞቷል፣ ገዝተህ አምጣ» ተብሎ ወደ ሶማሌ ተራ ይላካል። ያገኘውን ይዞ ይመለሳል፣ ይገጠምለታል፣ ኮዱ ይሰረዛል፣ መብራቱ ይጠፋል። መካኒኩም ባለመኪናውም ችግሩ እንደተፈታ አምነው ይለያያሉ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ መብራቱ ተመልሶ ሲበራ «የገዛኸው ዕቃ ኦሪጅናል አይደለም» ይባላል እንጂ፣ ቀድሞ ነገር የወጣው ዕቃ ጥፋት ነበረበት ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህን አሠራር አጥብቄ እቃወማለሁ። ኮድ ኮምፒዩተሩ ያየውን ይናገራል፤ የትኛው ዕቃ ይቀየር የሚለውን አይወስንም። ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ ደግሞ በዚህ ስህተት ያለ ጥፋቱ አብዝቶ የሚወገዘው ኦክስጅን ሴንሰር ነው፤ ሥራው የሌሎችን ጥፋት መናገር ነውና። ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ሲገባ፣ ካንዴላ ሲደክም፣ ከእሱ በፊት ያለ የጭስ ቱቦ ሲሰነጠቅ፣ የነዳጅ ፓምፕ አቅም ሲያጣ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። እውነቱን የተናገረውን ምስክር አስሮ ጥፋተኛውን በነጻ የሚያሰናብት ዳኛ ፈረደ አይባልም።

ክርክሩ እንዲገባ ሴንሰሩ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የጀርመኑ ቦሽ ያበለጸገው ይህ መሣሪያ በገበያ ላይ በዋለ መኪና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ቮልቮ 240 ነበር። ያን ጊዜ አሜሪካ፣ በተለይም ካሊፎርኒያ፣ በመኪና ጭስ ላይ ሕጓን እያጠበቀች ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን በአንድ ጊዜ የሚያመክነው ካታሊስት ሥራውን በሚገባ የሚሠራው ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ሲደርስ ነው። ይህን ልክ ተራ ካርቡራተር ሊጠብቀው አይችልም። ስለዚህ በጭሱ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደተረፈ በየቅጽበቱ ለኮምፒዩተሩ የሚናገር መሣሪያ አስፈለገ።

የተለመደው ሴንሰር ጫፉ ዚርኮኒያ ከሚባል ሴራሚክ የተሠራ ነው። ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ በውጭው አየርና በጭሱ መካከል ያለውን የኦክስጅን ልዩነት ወደ ቮልቴጅ ይለውጣል። በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ከተረፈ ወደ 0.1 ቮልት፣ ካልተረፈ ወደ 0.9 ቮልት ያወጣል፤ ድንበሩ 0.45 ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን እያየ ነዳጅ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅንን ብቻ ነው። ነዳጅን አያይም፤ ኦክስጅኑ በየት በኩል እንደገባም አያውቅም። ስለ ሴንሰሩ የሚሰጠው የችኮላ ፍርድ አብዛኛው የሚመነጨው ይህን ከመዘንጋት ነው።

አሁን ኮዶቹን እንያቸው። በጋራዥ ሁሉም «የኦክስጅን ሴንሰር ኮድ» ይባላሉ፣ የሚናገሩት ግን ለየቅል ነው። ፒ0135 ከካታሊስቱ በፊት ያለው፣ የፊተኛው ሴንሰር ማሞቂያ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር እንዳለበት ይናገራል። ፒ0133 የሴንሰሩ ምላሽ መዘግየቱን ይናገራል። ፒ0171 ከአየሩ አንጻር ነዳጅ ማነሱን፣ ፒ0172 ነዳጅ መብዛቱን ይናገራሉ። ፒ0420 ደግሞ የሚናገረው ስለ ካታሊስቱ አቅም ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ስለ ሴንሰሩ ጤና አንዳች ነገር አይሉም።

ፒ0171ን እንውሰድ። ይህ ኮድ ሲወጣ ኮምፒዩተሩ ሴንሰሩን ሰምቶ፣ አምኖት፣ ነዳጅ ሲጨምር ሲጨምር የመጨመሪያው ጣሪያ ላይ ደርሷል ማለት ነው። የሴንሰሩን ቃል ተጠራጥሮ ቢሆን ኖሮ ሌላ ኮድ ባወጣ ነበር። ኮምፒዩተሩ ያመነውን ዕቃ በኮምፒዩተሩ ስም ነቅሎ መጣል በምን ሊደገፍ ይችላል?

በጭስ ውስጥ ኦክስጅን የሚበዛባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ሳይለካ የሚገባ አየር ነው። ከአየር መለኪያው ወዲህ ያለ የላስቲክ ቱቦ ሲሰነጠቅ ወይም የአየር መሳቢያው ጓርኒሲዮን ሲደርቅ ኮምፒዩተሩ የማያውቀው አየር ወደ ሞተሩ ይገባል። ሁለተኛው ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ቱቦ መሰንጠቅ ነው። ብዙ ሰው በስንጥቁ ጭስ ይወጣል እንጂ አየር አይገባም ብሎ ያስባል። ጭሱ የሚወጣው ግን በምት በምት ነው፤ በሁለት ምቶች መካከል የቱቦው ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርድና በዚያች ቅጽበት በስንጥቁ ንጹሕ አየር ይሳባል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው፣ ካንዴላ ወይም ኮይል ደክሞ አንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲቀር ነው። ያኔ ነዳጁም ኦክስጅኑም እንዳሉ ወደ ጭስ ቱቦው ይወጣሉ። ሴንሰሩ ነዳጁን ስለማያይ የተረፈውን ኦክስጅን ብቻ ቆጥሮ «ነዳጅ አነሰ» ይላል። ኮምፒዩተሩም ነዳጅ ይጨምራል፤ መኪናው ቤንዚን ይጠጣል፣ ጭሱም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። በሦስቱም ሁኔታ ሴንሰሩ ያየውን በትክክል ተናግሯል። በቦታው አዲስ ቢተካም ያንኑ ይደግማል።

ይህን መለየት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ኮድ የሚያነበው ስካነር ራሱ፣ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ትንሹም ቢሆን፣ ሞተሩ እየሠራ ፊውል ትሪም የሚባለውን ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ ኮምፒዩተሩ ከተለመደው የነዳጅ መጠን ላይ በመቶኛ ስንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚናገር ነው። በጤነኛ ሞተር ላይ ከዜሮ ብዙ አይርቅም፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ምክንያቱ ሊፈለግ ይገባል። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ቁጥሩ 25 ሆኖ፣ ሞተሩ ወደ 2,500 ዙር ሲነሳ ወደ 5 ከወረደ በመሳቢያው በኩል አየር እየገባ ነው፤ ሞተሩ ብዙ አየር በሳበ ቁጥር የቀዳዳዋ ድርሻ እያነሰ ይሄዳልና። በሚኒሞ ደህና የነበረው ቁጥር ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ ከፍ ካለ ግን ለሥራው የሚበቃ ነዳጅ እየደረሰ አይደለም፤ ያኔ ፓምፑን፣ ፊልትሮውን፣ በአቧራ የቆሸሸውንም የአየር መለኪያ ማየት ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ቁጥሩን ቆም ብሎ ማየትና አንድ አጭር የሙከራ መንገድ ነው። ሴንሰር ለመግዛት ሶማሌ ተራ ደርሶ መመለስ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ስለ ሴንሰሩ በቀጥታ በሚናገሩት ኮዶችም ቢሆን ጥድፊያው ተገቢ አይደለም። ማሞቂያው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በፊውዝ፣ በሪሌ፣ በገመድና በሶኬት በኩል ነው። ፊውዙ ቢቃጠል፣ ገመዱ የጋለ የጭስ ቱቦ ነክቶ ቢቀልጥ፣ ሶኬቱ ውኃ ገብቶበት ቢዝግ ፒ0135 ይወጣል። ሶኬቱን ነቅሎ የማሞቂያውን ሁለት እግሮች በቴስተር መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ጤነኛው ዝቅተኛ ኦም ያሳያል፣ የተበጠሰው ቴስተሩን አያንቀሳቅሰውም። ከመኪናው በሚመጣው ሶኬት ላይ ደግሞ 12 ቮልት መድረሱን ማየት ነው። ማሞቂያው ተበጥሶ ከተገኘ ሴንሰሩ ያለ ክርክር ይቀየር። እኔ የምጠይቀው ተለክቶ እንዲቀየር ነው።

የልማዱ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ትልቁ ማስረጃ «ስንቀይረው መብራቱ ይጠፋል» የሚል ነው። መብራቱ የሚጠፋው ግን ኮዱ ስለተሰረዘ ነው። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1996 የሞዴል ዓመት ጀምሮ ግዴታ ሆኖ በሌሎች አገሮችም በተስፋፋው የራስ ምርመራ ሥርዓት መሠረት፣ ለአብዛኞቹ ጥፋቶች መብራቱ የሚበራው ኮምፒዩተሩ ያንኑ ጥፋት በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ሲያይ ነው። ጉዞ ማለትም ሞተሩ ተነስቶ፣ ሞቆ፣ ምርመራው የሚፈልጋቸውን ሁኔታዎች አሟልቶ ሲነዳ ነው። በተጨማሪም ኮድ ሲሰረዝ በብዙ መኪኖች ላይ ኮምፒዩተሩ ያጠራቀመው የነዳጅ ማስተካከያ አብሮ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ጣሪያው ላይ እስኪደርስ እንደገና ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ አሮጌውን ሴንሰር ሳይነኩ ኮዱን ብቻ ቢሰርዙትም መብራቱ ለዚያው ያህል ቀን ይጠፋ ነበር። ጥገና የሚመዘነው ከጥገናው በፊትና በኋላ በተነበበ ቁጥር ነው። ትሪሙ ከ25 ወደ 3 ወርዶ እዚያው ከሰነበተ ችግሩ ተፈትቷል። ካልወረደ ግን የተሸጠው ዕቃ ነው፤ የተጠገነ ነገር የለም።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ሴንሰር ያረጃል፣ እዚህ ያሉት መኪኖች ደግሞ ብዙ የተነዱ ናቸው» የሚለው ነው። ይህ እውነት አለበት። ማሞቂያ ያለው ሴንሰር ብዙውን ጊዜ 160,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ ከተሞቻችንን የሞሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ብዙዎቹ ከዚያ አልፈዋል። ማርጀቱን ግን መለካት ይቻላል፤ ነዳጅ ሲበዛና አየር ሲበዛ ቮልቴጁ በፍጥነት ይቀያየራል ወይስ ይጎተታል? የሞተ ሴንሰር ከተገኘም ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ምን ገደለው? ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ የዘይቱ አመድ ጫፉን ይሸፍነዋል። የራዲያተር ፈሳሽ ወደ ሲሊንደር የሚገባ ከሆነ ያም ይመርዘዋል። አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 በመጨረሻ እስካቆመችው ድረስ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስም የሴንሰር ጠላት ነበር። ዛሬ በእጃችን ያለው ጠላት ሲሊኮን ነው። ለሴንሰር ደህና ያልሆነ የሲሊኮን ማጣበቂያ በሞተሩ ክዳን ዙሪያ ሲለጠፍ ትነቱ በሞተሩ ተስቦ ይቃጠልና በሴንሰሩ ጫፍ ላይ ነጭ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ጓርኒሲዮን በመቀየር ፈንታ ሲሊኮን የሚያበዛ ጋራዥ ሴንሰሩን በገዛ እጁ እየገደለ ነው። ገዳዩ ሳይነካ የተገጠመው አዲስ ሴንሰር በዚያው መንገድ ይሞታል።

ያለ ምርመራ የሚቀይር ሰው ትክክለኛውን ዕቃ ለመምረጥም ይቸገራል። በበርካታ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ከካታሊስቱ በፊት ያለው የአየርና ነዳጅ ሬሾ ሴንሰር ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ከተለመደው ጋር ይመሳሰላል፣ የሚሠራው ግን የኤሌክትሪክ ፍሰት በመለካት ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም። ከ0.1 እስከ 0.9 የሚወዛወዝ ቮልቴጅ ፈልጎ ያጣበት መካኒክ ጤነኛውን የሞተ ይለዋል። ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ሴንሰር ደግሞ ካታሊስቱ ደህና ሲሆን ቮልቴጁ ረጋ ብሎ ነው የሚታየው፤ «አይንቀሳቀስም» ተብሎ የሚጣለው ጤነኛ በመሆኑ ነው። ገመድ ቆርጦ፣ ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ ማገናኘትም ጉዳት አለው፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚያስፈልጋቸውን ንጹሕ አየር የሚያገኙት በገመዳቸው ውስጥ አልፎ ነው። ከሌላ መኪና የተፈታ ሴንሰር ከሆነ ደግሞ ምን ዓይነት ሞተር ላይ እንደቆየና ምን እንደመረዘው የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከፍታን ይጠቅሳል። «አዲስ አበባ ከፍተኛ ቦታ ነች፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሴንሰሩ ይሳሳታል» ይባላል። እርግጥ ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱም ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ኮምፒዩተሩ ግን የሚገባውን አየር በክብደቱ ለክቶ ወይም ከግፊቱና ከሙቀቱ አስልቶ ነው ነዳጅ የሚሰጠው። አየሩ ሲያንስ ነዳጁም ያንሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ 14.7 ለ1 የሚለው ልክ ግን እዚያው ይቆያል። ከፍታ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ የከተማው መኪኖች ሁሉ መብራታቸው በርቶ በታየ ነበር።

ሴንሰርን ሳይለኩ ከመቀየር የከፋው ደግሞ ፒ0420 ላይ የሚወሰደው እርምጃ ነው። ካታሊስት ኦክስጅን የማከማቸት አቅሙን ሲያጣ የኋለኛው ሴንሰር እንደ ፊተኛው መወዛወዝ ይጀምራል፤ ኮምፒዩተሩም ካታሊስቱ እንደደከመ ከዚህ ይረዳል። መፍትሔ ተብሎ የሚሰጠው መጀመሪያ ሴንሰሩን መቀየር፣ ካልሆነ ካታሊስቱን ቆርጦ ማውጣት፣ በመጨረሻም መብራቱ እንዳይበራ ኮምፒዩተሩን ማስተካከል ነው። የተቆረጠው ካታሊስት በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለው ዋጋ ያወጣል፤ ባለመኪናው ግን ያለውን ንብረት አጥቶ ለማስቆረጫውም ይከፍላል። ጭሱን የሚተነፍሱት መንገድ ዳር የሚሸጡ እናቶች፣ ታክሲ የሚጠብቁ ተማሪዎች፣ ትራፊክ ፖሊሶች ናቸው። ካታሊስት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዕድሜው የሚሞተው ደግሞ ቀድሞ በተናቀ ጥፋት ነው። ሳያቃጥል የሚቀር ሲሊንደር ነዳጁን ወደ ካታሊስቱ ይልካል፤ ነዳጁ እዚያ ይነድና ውስጡን ያቀልጠዋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው ይህ አደጋ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ፍጥነት ቀንሶ፣ መኪናውን አቁሞ ማስመርመር ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ዛሬ በካንዴላ የሚያልቀው ነገ ካታሊስት ያስቀይራል።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኮድ በነጻ አንብበው በዚያው ሴንሰር የሚሸጡ የመለዋወጫ መደብሮች አሉ፤ በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲና በራይድ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችንም በዚህ መንገድ ገንዘባቸውን ያወጣሉ። እዚያ ግን ልማዱን የሚያጋልጥ ነገር አለ። በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የጭስ ምርመራ ላይ መርማሪው ኮምፒዩተሩን ያነባል፤ መብራቱ ከበራ መኪናው አያልፍም፣ ኮዱ ገና መሰረዙ በኮምፒዩተሩ ላይ ከታየም ነድተህ ተመለስ ይባላል። የእኛም የዓመታዊ ቴክኒክ ምርመራ ቦሎ ከመስጠቱ በፊት ይህን ማንበብ ቢጀምር ስረዛን እንደ ጥገና የሚሸጥ ሁሉ ገበያው ይዘጋበት ነበር።

አንድ ቅሬታ ግን በቁም ነገር መመለስ አለበት። መካኒኩ «ለምርመራ የሚከፍለኝ ማን አለ?» ይላል። ልክ ነው። ዕቃ ለመግዛት ኪሳችንን እንከፍታለን፤ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ለለካና ላሰበ ባለሙያ ግን «ምን ሠራህ?» እንለዋለን። ቱቦ ተሰንጥቆ አግኝቶ በጥቂት ብር የጨረሰ መካኒክ፣ ሴንሰር ካስገዛው ያነሰ ክፍያ ያገኛል። ለዕቃ እየከፈልን ዕውቀትን በነጻ እስከጠበቅን ድረስ የምናገኘው ዕቃ ነው። ስለዚህ ምርመራ ራሱን የቻለ ዋጋ ይኑረው፤ ባለመኪናውም ጥፋቱ ተነግሮት ሌላ ቦታ ሊያሠራ ቢሄድ እንኳ ደስ ብሎት ይክፈል። ጋራዡም በበኩሉ የለካውን በወረቀት ይስጥ፤ ኮዱን፣ የትሪሙን ቁጥር በሚኒሞና በ2,500 ዙር፣ የማሞቂያውን ኦም፣ ከጥገናው በኋላም ያው ቁጥር ስንት እንደሆነ።

ይህ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ አጣዳፊ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች እንግዲህ ገና ብዙ ዓመት ሊነዱ ነው፤ መለዋወጫቸው በውጭ ምንዛሪ ይገባል፣ ቤንዚናቸውም እንዲሁ። ያለ ጥፋቱ የሚጣል እያንዳንዱ ሴንሰር፣ ሳይጠገን በቀረ ስንጥቅ የተነሳ የሚባክን እያንዳንዱ ሊትር ከዚያው ከተቸገርንበት ምንዛሪ የሚወጣ ነው።

ባለመኪናው ስለ መኪና ምንም ላያውቅ ይችላል፤ አንድ ጥያቄ ግን በእጁ አለ። «ሴንሰሩ ሞቷል» ሲባል «በምን ለካኸው፣ ቁጥሩስ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ቁጥር ከሆነ ዕቃውን ይግዛ፤ የለካለትንም ሰው አመስግኖ ይክፈለው። መልሱ «ኮዱ ብሎ ነው» ከሆነ ግን ገንዘቡን በኪሱ ይዞ፣ መኪናውን የሚለካለት ባለሙያ ይፈልግ።